«ጉንፋን ነው» ያልኩት

የ2010 ዓ.ም. ገና እሑድ ነበር የዋለው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ባለችው ባለ ሁለት መኝታ ቤታችን አሥራ ዘጠኝ ሰው ተሰብስቧል። እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና አራተኛ ወሯ ስለነበር ዶሮው በእሷ እጅ ተሠርቷል። ያን ሰሞን ብርዱ ክፉ ነበርና መስኮት የሚከፍት የለም፤ የቡናው ጭስ፣ የዕጣኑ ጭስ፣ የሰዉ ትንፋሽ እዚያው ቤት ውስጥ ይዞራል።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ አንዲት ዘመዳችን ገባች። በር ላይ ቆማ አፍንጫዋን በሶፍት እየጠረገች «አትሳሙኝ፣ ጉንፋን ይዞኛል» አለች። «ኧረ ተይ! ጉንፋን ምን አለው?» ብለን ተራ በተራ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ሳምናት። ካየኋት ስለቆየሁ እኔ አንገቷን አቅፌ ነው የሳምኳት። ከዚያ ለአራት ለአምስት እየሆንን በየትሪው ዙሪያ ተቀመጥን። ጎረስን፣ ተጎራረስን።

ይህን የምጽፈው እሷን ለመውቀስ አይደለም። እሷ አስጠንቅቃናለች፤ ያልሰማነው እኛ ነን። ደግሞም በሽታው ከእሷ ይያዘኝ፣ ከምሠራበት ቤት ይያዘኝ፣ ወይስ ከአውቶቡስ፣ ማንም ሊያውቀው አይችልም። እኔን የሚቆጨኝ ቃሉ ነው። «ጉንፋን ነው» የምትለው አነጋገር ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ የት እንዳደረሰችኝ ልመሰክር ነው የተቀመጥኩት።

ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄዱ መርዳት ነው፤ እዚህ «ሆም ኬር» የምንለው። ያን ጊዜ የምረዳቸው ሴትዮ የ87 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ባለቤታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ርቀው ይኖራሉ። ጠዋት አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ ፀጉራቸውን አበጥራለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ አቀርባለሁ። ፊቴ ከፊታቸው አንድ ክንድ የማይርቅበት ሥራ ነው። ጥቅምት ላይ የቀጠረኝ ድርጅት የጉንፋን ክትባት በነፃ እንደሚሰጥ ነገረን። የማይፈልግ ሰው «አልፈልግም» ብሎ ይፈርማል። እኔም ፈረምኩ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ «ባለፈው ዓመት ተወግቼ ሳምንት ሙሉ ተኛሁ» ብላኝ ስለነበር ፈራሁ። ከዚያም በላይ ግን ነገሩ ቅብጠት መስሎኝ ነው። ሰው ለጉንፋን መርፌ ይወጋል?

ሴትዮዋ ግን መስከረም ላይ ተወግተው ነበር። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 1 ቀን፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዕቃ እያጠብኩ ሳለ ብርድ ከወገቤ ተነሥቶ እስከ ማጅራቴ ወጣ። ውኃው ሙቅ ነው፣ እጄ ግን ይንቀጠቀጣል። ብርጭቆ አምልጦኝ ተሰበረ። የማውቀው ጉንፋን ጉሮሮ ከርከር እያደረገ፣ አፍንጫ እያፈነ፣ ሁለት ሦስት ቀን እያዘገመ ነው የሚመጣው። ይሄኛው እንደዚያ አልነበረም። ራት ስንበላ ደኅና የነበርኩት ሴትዮ አራት ሰዓት ሲሆን ዓይኔን ወደ ጎን ማዞር የሚያመኝ፣ አጥንቴ በሙቀጫ የተወቀጠ የሚመስለኝ ሆንኩ። ትኩሳቴን ስንለካው 39.6 ነው። ሐኪሞቹ ኋላ እንደነገሩኝ ኢንፍሉዌንዛን ከተራው ጉንፋን ከሚለዩት ምልክቶች አንዱ ይኸው ድንገተኛነቱ ነው፤ የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ይነግርሃል። እኔ እስከ ዛሬ ሰዓቱን አልረሳሁትም።

በማግስቱ ሁለት ታይሌኖል ውጬ ሥራ ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ለአስተባባሪዋ ደውዬ መታመሜን ነግሬያታለሁ። «የሚተካሽ ሰው የለኝም፤ ትኩሳቱ ከወረደልሽ ሂጂ» አለችኝ። ትኩሳቱ በእርግጥ ወርዶ ነበር፣ ክኒኑ አውርዶት። ያን ጊዜ በቨርጂኒያ እንደኔ ላለ ሠራተኛ ደመወዝ ሳይቆረጥ የሕመም ፈቃድ የሚያስሰጥ ሕግ አልነበረም፤ ከቤት ለቤት ረዳቶች የተወሰኑትን የሚመለከተው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በፈረንጆቹ 2021 ሐምሌ ላይ ነው። ያልሠራሁበት ቀን ያልተከፈለኝ ቀን ነው፣ የቤት ኪራይ ደግሞ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ይህ ምክንያት ነው እንጂ ሰበብ እንዲሆነኝ አልፈልግም። ረቡዕና ሐሙስ ሁለት ቀን ሙሉ አንዲትን የ87 ዓመት ሴት አጠብኩ፣ አቅፌ ከአልጋ አነሣሁ፣ ፊታቸው ላይ ጎንበስ ብዬ መነጽራቸውን አደረግኩላቸው። በሽታው ወደ ሌላ ሰው በብርቱ የሚተላለፈው በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀኖች መሆኑን፣ እንዲያውም ሕመሙ ከመሰማቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎም እንደሚተላለፍ አላውቅም ነበር። ትኩሳትን ማብረድና መዳን አንድ መስለውኝ ነበር።

ዓርብ መነሣት አቃተኝ።

እናቴ ሥራ ጀመረች። መጀመሪያ «ብርድ ነው» አለች። እንደገና ግንባሬን ዳሰሰችና «ምች ነው» አለች። ዳማ ከሴ አገር ቤት ቢሆን ከጓሮ ይቀጠፍ ነበር፤ እዚህ የለም ብላ ተከዘች። ከሻንጣዋ ፌጦ አወጣች፣ ከነጭ ሽንኩርት ጋር ወቅጣ፣ ሎሚ ጨምቃ አስዋጠችኝ። ዝንጅብሉን አፈላች፣ ማሩን ጨመረች። በፕላስቲክ ሳፋ የፈላ ውኃ ይዛ መጣችና ቪክስ ጨምራበት፣ ጋቢዋን ከአናቴ ላይ ጣል አድርጋ «ታጠኚ» አለችኝ። እንፋሎቱ አፍንጫዬን ከፈተው፤ ወዲያው ግን ደረቴን ጨምድዶ ያዘው። እኔ አስም አለብኝ፣ ቀላል ነው የሚሉት ዓይነት። ከጋቢው ሥር እያሳልኩ ወጣሁ።

የእናቴን እጅ አላማም። ሦስት ሌሊት አጠገቤ ወንበር ላይ ያደረችው፣ በየሰዓቱ ቀና አድርጋ ያጠጣችኝ እሷ ናት። የታመመ ሰው ፈሳሽ እንዳይጎድልበት ማድረግ ትልቅ ነገር መሆኑን ነርሶቹም ነግረውናል። ማሩና ዝንጅብሉ ጉሮሮዬን አለስልሰውልኛል። ቫይረሱን ግን የሚነካው አልነበረም። እናቴ ከአዲስ አበባ «ለክፉ ቀን» ብላ የያዘችውን አሞክሲሲሊንም ሰጠችኝ፤ አራት ፍሬ ውጬ ሲሻለኝ ተውኩት። ስንቶቻችን ቤት በመሳቢያ ውስጥ እንዲህ ያለ ከፊሉ የተዋጠ አሞክሲሲሊን አለ! ያ መድኃኒት ባክቴሪያ እንጂ ቫይረስ አይገድልም። ለኢንፍሉዌንዛ የሚሆነው ኦሴልታሚቪር የሚባል ሌላ መድኃኒት ነው፣ እዚህ ታሚፍሉ በሚለው ስሙ የሚታወቀው። በተለይ የሚጠቅመው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። እኔ አስም ያለብኝ ሰው በመሆኔ በመጀመሪያው ቀን ሐኪም ጋ ደውዬ ቢሆን ኖሮ ሊታዘዝልኝ ይችል ነበር። ያን 48 ሰዓት የሰው ገላ ሳጥብ ጨረስኩት።

የሚቀጥለው ማክሰኞ ተሻለኝ። ረቡዕ ተነሥቼ ቡና አፈላሁ። እናቴ «ተመስገን» ብላ ሳመችኝ። ሐሙስ ልብስ አጠብኩ። ዓርብ ጥምቀት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነጠላዬን እየተኮስኩ ሳለ ያው ብርድ ከወገቤ ተነሣ። በዚህኛው ዙር ሳሉ ደረቅ አልነበረም፤ አክታው ዝገት የመሰለ ቀለም ነበረው፣ ስተነፍስ ደግሞ ቀኝ ጎኔን በቢላ የሚወጉኝ ይመስለኝ ነበር። «አገረሸብሽ እንጂ ሌላ አይደለም፣ ገና ሳይሻልሽ ተነሥተሽ» አለችኝ እናቴ። እኔም አመንኩ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ከዚህ ጽሑፍ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ አንባቢ ካለ ይህን ይያዝልኝ። ኢንፍሉዌንዛ ይዞት ተሻለኝ ያለ ሰው በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ከተመለሰ፣ ሳሉ ከባሰ፣ ያ ተራ ማገርሸት ላይሆን ይችላል። ቫይረሱ የመተንፈሻ ቧንቧችንን የውስጥ ሽፋን ልጦት ይሄዳል። አፍንጫና ጉሮሯችን ውስጥ ያለ ጉዳት ተቀምጠው የኖሩ ባክቴሪያዎች በዚያ በተላጠው በኩል ወደ ሳንባ ይወርዳሉ። በሩ ተሰብሮ እንዳደረ ቤት ማለት ነው፤ ሰባሪው ሄዷል፣ የሚዘርፈው ግን ሌላ ነው። የእኔ ሳንባ ውስጥ የገባው ስታፊሎኮከስ የሚባለው ነበር፤ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለአሞክሲሲሊን የማይበገር ነው። ስለዚህ የእናቴ ክኒን ለመጀመሪያው በሽታም ለሁለተኛውም አልሆነም።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ካርቱኗን ትታ አልጋዬ ላይ ወጣች። ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነው። ፊቴን ትኩር ብላ አየችና «እማዬ፣ ከንፈርሽ አመድ ሆነ» አለችኝ። መልስ ልሰጣት ብፈልግ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አቃተኝ። ባለቤቴ ከሥራ ገብቶ ገና ጫማውን አላወለቀም፤ አየኝና ምንም ሳይጠይቅ 911 ደወለ።

አምቡላንስ ውስጥ ጣቴ ላይ የምትቆነጠጥ ትንሽ መሣሪያ አደረጉልኝ። ቁጥሯ 82 አለች። ጤነኛ ሰው 95ና ከዚያ በላይ ነው። ድንገተኛ ክፍል አፍንጫዬ ውስጥ ረጅም ጥጥ አስገብተው ናሙና ወሰዱ፤ ብዙም ሳይቆይ «ኢንፍሉዌንዛ ኤ» አሉ። ያን ዓመት አሜሪካን ያጥለቀለቀው ኤች 3 ኤን 2 የሚባለው ነበር። የራጅ ሥዕሉን ባለቤቴ አይቶታል፤ ሳንባ ጥቁር መሆን ሲገባው የእኔ በሁለቱም በኩል በረዶ የወረደበት ይመስል ነበር ይላል። ሲመሽ ሐኪሟ መጣች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጄን ያዘችና እየደከምኩ እንደሆነ፣ እንቅልፍ ሰጥተውኝ መተንፈሱን ለማሽን ማስረከብ እንዳለባቸው አስረዳችኝ። ስንት ቀን እንደሚሆን ስጠይቃት «አላውቅም» አለችኝ። እውነቱን ስለነገረችኝ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ለባለቤቴ «ልጄ ሰኞ የትምህርት ቤት ፎቶ አለባት፣ ፀጉሯን እናቴ ትሥራት» አልኩት። የመጨረሻ ቃሌ ሊሆን ይችል የነበረው ይህ ነው።

አሥራ አንድ ቀን ቬንትሌተር ላይ ነበርኩ።

እኔ ግን ተኝቼ አልነበረም፤ ወፍጮ ቤት ነበርኩ። ልጅ ሳለሁ ጉለሌ ሰፈራችን አጠገብ የነበረው ወፍጮ ቤት። የማሽኑ ድምፅ አንድ ዓይነት ነው፣ ሽው ይላል፣ ያርፋል፣ ሽው ይላል፣ ያርፋል። ሰልፉ ረጅም ነው። እኔ የጤፍ ቁና ታቅፌ ቆሜያለሁ። ዱቄቱ አፌ ውስጥ ገብቶ መናገር አልቻልኩም። ወረፋዬ ሲደርስ ወፍጮ ቤቱ ይዘጋል፣ እንደገና ከኋላ እሰለፋለሁ። ፊታቸውን የተሸፈኑ ሰዎች ይመጡና እጄን ያስሩብኛል። ኋላ እንደተረዳሁት ቱቦውን እንዳልነቅል በእርግጥ እጄን ለስላሳ ነገር አስረውት ነበር። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የቆየ ሰው እንዲህ ያለ ቅዠት ውስጥ መግባቱ የተለመደ ነው አሉኝ። ከወጣሁ በኋላ ወራት ሙሉ የወፍጮ ቤቱን ሰልፍ በሕልሜ አይቻለሁ። ይህን የምናገረው ከዚያ ክፍል የወጣ ዘመድ ያላችሁ ሰዎች «ድኗል እኮ፣ ምን ያስፈራዋል?» እንዳትሉት ብዬ ነው።

የቀረውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። ሦስት ቀን ያህል ልጇ በምን በሽታ እንደወደቀች በቅጡ ሳይገባት ነው ወንበር ላይ የዋለችው። ባለቤቴ «ኢንፍሉዌንዛ» ብሎ ነግሯታል፤ ቃሉ ለእሷ ባዶ ነው። «በአማርኛ ምንድን ነው?» ስትለው «ጉንፋን» አላት። ተቆጣችው። «ጉንፋን እንዲህ አያደርግም! ደብቃችሁኝ ነው» አለችው። ሌሊት ተረኛ የነበረችው ነርስ ሐበሻ ናት። የእናቴን ልቅሶ ሰምታ መጣችና አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «እማማ፣ የኅዳር በሽታ ሲባል ሰምተው ያውቃሉ?» አለቻት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «የዚያው ዘር ነው» አለቻት ነርሷ። «አሁን ግን መድኃኒት አለ፣ ማሽን አለ። እኛም አለን።»

እናቴ ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ምክንያቱም የኅዳር በሽታን ታውቀዋለች። አያቷ በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የአሥር ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸውንና ሁለት ወንድሞቻቸውን በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀብረዋል። ቀብረዋል ማለትም ያስቸግራል፤ ቀባሪው ራሱ ታሞ ስለነበር ሬሳ ቤት ውስጥ ያድር ነበር እያሉ ያወሩ ነበር። ያ በዓለም ዙሪያ «የስፔን ኢንፍሉዌንዛ» የተባለው ወረርሽኝ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ እንደጨረሰ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። እኔ ደግሞ በየዓመቱ ኅዳር 12፣ በሚካኤል ቀን፣ ከሰፈር ልጆች ጋር ቆሻሻ ሰብስቤ ያነደድኩ፣ በእሳቱ ላይ የዘለልኩ፣ ጭሱ ዓይኔን ያቃጠለኝ ልጅ ነኝ። «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ለምን እንደሚታጠን ጠይቄ አላውቅም። ያ ሁሉ ጭስ የዚህ በሽታ መታሰቢያ መሆኑን ያወቅሁት 41 ዓመቴ ላይ፣ ሳንባዬ ከታመመ በኋላ ነው።

ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤአለሁ። እኛ ለዚህ በሽታ ሁለት ስም አለን። አንዱ ከልክ በላይ ትንሽ ነው፤ ጉንፋን ስንል አፍንጫ የሚያናፍጠውንም፣ ሰው የሚገድለውንም በአንድ ከረጢት እንከታለን። ሌላው አስፈሪ ነው፣ ግን ከአያቶቻችን ጋር ተቀብሯል። ኢንፍሉዌንዛ ከተቀበረው ጋር የሚዛመድ ሆኖ ሳለ በትንሹ ስም እየተጠራ ቤታችን ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ወረርሽኝ በሌለበት በተራው ዘመን እንኳ ወቅት እየጠበቀ የሚመጣው ኢንፍሉዌንዛ በመተንፈሻ አካል ሕመም በየዓመቱ ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ ሰው ይገድላል። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም ወይም እንደኔ አስም ያለባቸው ቀድመው ይጎዳሉ። እናቴን እንዲያ ያስለቀሳት የልጇ መታመም ብቻ አልነበረም። በቃሉ ተታልላ ሦስት ሌሊት አጠገቤ መቀመጧ ነው። «ስሙን ቢነግሩኝ ኖሮ በጀርባዬ አዝዬሽ እወስድሽ ነበር» ትለኛለች እስከ ዛሬ።

ቱቦው የወጣልኝ ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ድምፄ የለም፤ ለሁለት ሳምንት በሹክሹክታ ነበር የማወራው። የመጀመሪያ ቀን ማንኪያ ሰጡኝ፤ ወደ አፌ ማድረስ አልቻልኩም። የእርጎ ማንኪያ ነው፣ ከላባ አይከብድም። ክንዴ ግን መንገድ ላይ ቀረ። አንዲት ፊዚዮቴራፒስት በወገቤ ሰፊ ቀበቶ አሥራ ከአልጋው እስከ በሩ አራት እርምጃ ያስኬደችኝ ቀን አለቀስኩ። ተሸክሜ ያነሣኋቸው አሮጊት ያን ጊዜ ከእኔ ይሻሉ ነበር።

እሳቸውን መጠየቅ ፈርቼ ነበር። ባለቤቴን ዓይን ዓይኑን እያየሁ ብዙ ቀን ዝም አልኩ። አንድ ቀን በሹክሹክታ «ሴትዮዋስ?» አልኩት። ያኔ ነው የነገረኝ። ዓርብ ዕለት፣ እኔ በወደቅሁበት ቀን፣ እሳቸውም ትኩሳት ያዛቸው። ሴት ልጃቸው በዚያው ሰዓት ለሐኪማቸው ደወለች፤ ከሰዓት በኋላ ታሚፍሉ ተጀመረላቸው። አራት ቀን ተኙ፣ በአምስተኛው ቀን ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሾርባ ጠጡ። ለእኔም ካርድ ልከውልኝ ነበር፤ የሚንቀጠቀጥ ጽሕፈታቸውን ሳይ ትራሴን ፊቴ ላይ አደረግኩ። እኔ አስታምሜያቸው አልዳኑም። መስከረም ላይ በተወጉት መርፌና በቶሎ በተጀመረላቸው መድኃኒት፣ እንዲሁም በእግዚአብሔር ቸርነት ከእኔው ተርፈው ነው።

ልጄም ታማ ነበር። እኔ ሆስፒታል በገባሁ በማግስቱ ትኩሳት ጀመራት። የልጆች ሐኪሟ የእኔን ስለሰማች ወዲያው መድኃኒቱን አዘዘችላት፣ በሦስተኛው ቀን ትጫወት ነበር። እናቴ ትኩሳቱን ለማብረድ አስፕሪን ልትሰጣት ስትል ባለቤቴ ያስቆማት በእግዜር ኪነ ጥበብ ነው። ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ልጅ አስፕሪን አይሰጥም፤ አንጎልና ጉበት የሚያጠቃ ብርቱ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

የክትባቱን ነገር እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ያለመያዝ ዋስትና አድርጌ ባወራው ሰው አያምነኝም። በዚያ ዓመት ክትባቱ በአሜሪካ ሕመሙን የመከላከል አቅሙ 40 በመቶ እንኳ አልሞላም። ቫይረሱ መልኩን ቶሎ ቶሎ ስለሚለውጥ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ተሰብስበው ለሚቀጥለው ወቅት የትኞቹ ዓይነቶች እንደሚገቡበት ይመክራሉ፤ ከየአገሩ በሚላክ ናሙና ላይ ተመርኩዘው። አንዳንድ ዓመት ግምቱ ይሠምራል፣ አንዳንድ ዓመት ይስታል። በየዓመቱ መወጋት ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ነገር ግን የተወጋ ሰው ቢታመም እንኳ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመግባት ዕድሉ ይቀንሳል፤ እኔና ሴትዮዋን ጎን ለጎን አስቀምጡን። «ተወግቼ ታመምኩ» ላለችኝ ጓደኛዬም ኋላ አስረድቻታለሁ። የሚወጋው ሕይወት የሌለው ቫይረስ ስለሆነ በሽታውን ሊሰጣት አይችልም። ክንድ ያማል፣ አንድ ሁለት ቀን ሊያደክም ይችላል። መከላከያው በደም ውስጥ እስኪገነባ ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅ ደግሞ በዚያ መካከል ሌላ ቦታ የያዛት ሊሆን ይችላል። በቀጣዩ ጥቅምት አብረን ሄደን ተወጋን።

ፀጉሬ በሦስተኛው ወር እፍኝ እፍኝ እየሆነ ረገፈ፣ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ሥራዬን የጀመርኩት ሰኔ ላይ ነው። የሆስፒታሉን ዕዳ ለዓመታት ከፈልነው፤ ስለ እሱ መጻፍ አልፈልግም። እናቴ ወደ አዲስ አበባ ተመልሳለች። አገር ቤት ክትባቱ እንደ ሕፃናት ክትባት በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ስላልሆነ እሷን የምጠብቃት በስልክ ነው። ሳል ስሰማባት ስሙን አልጠይቃትም፤ ድንገት ነው ወይስ ቀስ ብሎ የጀመረሽ እላታለሁ። ደረጃ ስትወጪ ያለከልክሻል? ደረትሽን ይወጋሻል? ሽንት ትሸኛለሽ? ተሽሎሽ ተመልሶ ነው? አንዴ «አንቺ ልጅ፣ ሐኪም ሆነሻል እንዴ!» ብላ ተቆጣችኝ፤ ግን መለሰችልኝ፣ በዚያው ቀንም ክሊኒክ ሄደች።

የሚቀጥለው ገና ሰኞ ዋለ። እንግዶቹ ያው ናቸው፣ ሁለት መስኮት ግን ከፈትኩ፤ ብርዱን ኮት ለብሰን ቻልነው። ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ያቺው ዘመዳችን ናት፣ ከታች ከመኪና ማቆሚያው ትደውላለች። «ዛሬ ጠዋት አተኩሶኛል። ለልጆቹ ያመጣሁትን ስጦታ በር ላይ አስቀምጬ ልመለስ» አለችኝ። ዶሮውን በዕቃ ቀዳሁ፣ እንቁላሉን ሁለት አደረግኩላት፣ እንጀራውን በፎይል ጠቀለልኩ። ማስኬን አድርጌ ወረድኩ። መስኮቷን ዝቅ አደረገች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ምግቡን ጎኗ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጥኩላትና ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ተመለስኩ። እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን ከሩቅ ተሳሳምን።